ደብሪቱን ማን በላት?

«እንቅልፍ የሰነፍ ስንቅ ነው» አለች ደብሪቱ። «እኔ እንደሆንኩ ከተውኩት ሰነበትኩ።»

ይህን ያለችው ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውጪ፣ ከትልቁ ጥድ ሥር፣ የቆሎ ተማሪዎቹ ሁሉ ጆሯቸውን አቁመው እየሰሟት ነው። ዓይኖቿ በርበሬ መስለዋል። ነጠላዋን ገልብጣ ለብሳዋለች፤ ማንም አልነገራት፣ እሷም አላየችው።

«ታዲያ ሌሊቱን ሙሉ ምን ትሠሪያለሽ?» አላት አንዱ ተማሪ።

«አንተ ከቁንጫ ጋር ስትተናነቅ እኔ የሐሙስን ምስጋና ጨርሼ የዓርብን እጀምራለሁ! ምን ላድርግ፣ እግዜር ሲፈጥረኝ ጭንቅላቱን አትርፎ ሰጠኝ።»

ተማሪዎቹ ሳቁ። ደብሪቱ ቀጥላ የምትለው ነገር ነበራት፤ ከፊተኛው ይልቅ የሚያስቅ። አፏን ከፈተች። ነገሩ የለም። እንደ ጤዛ ተንኗል። «ቆዩ፣ መጣ…» አለች። አልመጣም። ተማሪዎቹ ጥቂት ጠበቋትና አኩፋዳቸውን እያነሡ ሄዱ።

ደብሪቱ ዕድሜዋ አሥራ አራት ነው፤ ምላሷ ግን ሠላሳን ሳይሻገር አይቀርም። አባቷ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ በዚያው ደብር አገልጋይ ነበር። ወንድ ልጅ ስላልነበረው ፊደሉን ለእሷ አስቆጠራት። እሱ ሲሞት መምህሩ የኔታ አባይነህ «ለአባትሽ ስል» ብለው ከወንዶቹ ኋላ፣ ከግንቡ ተጠግታ እንድትሰማ ፈቀዱላት። ተጠግታ መስማቱ ሰለቻትና ቀስ በቀስ ወደፊት መጣች። አሁን የምትቀመጠው ከፊት ነው።

ንጉሡ ከተማቸውን እንጦጦ ላይ ካደረጉ ወዲህ ባለማዕረጎቹ ሁሉ በየአፋፉ ቤት ሠርተዋል። ከነዚያ ቤቶች ባንዱ ወይዘሮ የማርያምወርቅ የሚባሉ ባልቴት ይኖራሉ። ዓይናቸውን ሞራ ጋርዶታል። ለእመቤታችን በሳምንቱ በእያንዳንዱ ቀን የሚደገመውን ምስጋና ራሳቸው ማንበብ ስለተሳናቸው፣ ሰባቱን ቀን በቃሏ የምትወጣላቸው ልጅ ወደ ቤታቸው ሊወስዱ ይፈልጋሉ። የኔታም «አንዲት አለች» ብለዋቸዋል። ልጅቷ ፊታቸው ቀርባ የምትፈተነው በየካቲት፣ ለኪዳነ ምሕረት በዓል ነው።

እዚህ ላይ ነው ጣጣው። የደብሪቱ አጎት ጋሼ አካሉ ባል አግኝቶላታል፤ የቡልጋ ሰው፣ በቅሎ ያለው፣ የፊት ጥርስ የሌለው። እናቷ ወለተሥላሴ እንዝርቷን ይዛ፣ ቀና ሳትል፣ ብዙ ቀን ተከራከረችው። በመጨረሻ የተስማሙት እንዲህ ነው፦ ወይዘሮዋ ከወሰዷት ጋብቻው ይቀራል። ካልወሰዷት ከፋሲካ በኋላ ቡልጋ ትወርዳለች።

ደብሪቱ ያን ጊዜ አጥብቃ የምታውቀው ከሰኞ እስከ ረቡዕ ብቻ ነበር። የቀረውን ለመያዝ ቀኑ አልበቃት አለ፤ ውኃ አለ፣ እንጨት አለ፣ ጥጥ መፍተል አለ። ስለዚህ ከሌሊቱ ሰረቀች። ተማሪዎቹ ሲያወሩ እንደሰማችው ሹሩባዋን በጠፍር ከማገሩ ጋር ታስረዋለች። እንቅልፍ ወስዷት አንገቷ ዘንበል ሲል ጠጉሯ ይመነጨቃል፤ «ዋይ!» ብላ ትነቃና ትቀጥላለች። እናቷ ስትጠይቃት «ቁንጫ ነው» ትላለች። በዚያ ቤት ያን ወር በቁንጫ ያልተሳበበ ነገር የለም።

መጀመሪያ ላይ ጥሩ ሄደላት። ሐሙስን ያዘች፣ ዓርብን ነካች። ያኔ ነው ሸክላ ሠሪዋ ዲንቄ በእናቷ ደጅ ያለፈችው። ዲንቄ ከየካ በኩል፣ ከቁልቁለቱ ሥር፣ ማሰሮና እንስራ ይዛ ለገበያ የምትወጣ ሴት ናት፤ ልጇ ጂቱ የደብሪቱ ጓደኛ ናት። ዲንቄ ሸክሟን አውርዳ የደብሪቱን ድምፅ ሰማችና ራሷን ነቀነቀች።

«ወይ ጉድ! ይቺ ልጅ ምን ዓይነት ጭንቅላት ነው ያላት!»

እንትፍ እንትፍ አላለችም። ያን ጊዜ ማንም ልብ አላለውም። ደብሪቱማ ሙገሳውን እንደ ማር ነው የላሰችው።

ከዚያ በኋላ ነገር ይገለባበጥ ጀመር። ውኃ ልትቀዳ ወርዳ እንስራዋን ትታ ተመለሰች። እናቷን «የኔታ» ብላ ጠራቻት። አንድ ቀን ዶሮ ወጥ ሳይሆን ሽሮ ስለቀረበላት አለቀሰች፤ ለዚያውም ዓርብ ቀን፣ በጾም። ድሮ ነገር ሲያስቃት የምትስቀው ልጅ፣ አሁን ሰው ሲስቅ በእሷ የሚስቅ ይመስላታል። ሰው ሲረሳ «ልቡን ነው ያጣው» ይባላል፤ ደብሪቱን ግን የሚያማት ልቧ አልነበረም። ከዓይኗ ኋላ፣ ከግንባሯ ውስጥ፣ የሆነ ሰው ጥጥ የሚጠቀጥቅ ይመስላት ነበር። እሷ ግን «ሰነፍኩ» አለችና ጠፍሩን ይበልጥ አሳጠረችው።

በዓሉ ሲቃረብ የኔታ በተማሪዎቹ ሁሉ ፊት አስነሧት።

«እስቲ ከማክሰኞ ጀምሪልኝ፣ ልጄ።»

የማክሰኞን! ይሄማ ከአባቷ የተማረችው ነው፤ በሕልሟም ትለዋለች። ሕልም ካየች ማለት ነው። ተነሣች፣ ጉሮሮዋን ጠረገች፣ የመጀመሪያውን ቃል አለች። ሁለተኛው የለም። እንደገና ጀመረች። የረቡዕ ቃል መጣ። ከኋላዋ አንዱ ፍርፍር ብሎ ሳቀ።

«ቀስ በይ» አሉ የኔታ።

ቀስ አለች። አሁን የመጀመሪያውም ጠፋ።

የኔታ አልተቆጡም። እንዲያውም ቢቆጡ ይሻላት ነበር። እያዩዋት «ምን ነካሽ፣ ልጄ?» ብቻ አሉ፤ እሷም ነጠላዋን አፏ ላይ ጭና ሮጠች።

ወሬው ከእሷ ቀድሞ ቤት ደርሷል። ጋሼ አካሉ መደቡ ላይ ተቀምጦ ይጠብቃታል።

«የምታውቀው የጠፋባት ልጅ አይቼ አላውቅም» አለ። «ይሄ የሰው ዓይን ነው። ቡዳ በልቷታል። ደብሪቱ፣ ማነው ያለሽን ዕውቀት አይቶ ያደነቀሽ? እንትፍ ሳይል ያደነቀሽ?»

 የዲንቄ ድምፅ በደብሪቱ ጆሮ ውስጥ መጣ። ይቺ ልጅ ምን ዓይነት ጭንቅላት ነው ያላት! ደብሪቱ ቀና አለች። እንዴ፣ ለካስ ጥፋቱ የእኔ አይደለም!

«አንድ… አንድ ሰው አድንቆኝ ነበር» አለች።

«ይበቃል! አሁን ስም አትጥሪ» አለ ጋሼ አካሉ። «ነገ ጠዋት እናጥናታለን። ጢሱ አፍንጫዋ ሲገባ የበላት ራሱ በአፏ ይናገራል። ስሙ ከወጣ፣ ለወይዘሮዋ 'የሰው ዓይን በልቷት ነው፣ እስክትድን ይታገሧት' እላቸዋለሁ። ካልወጣ ግን ሰነፍ ናት ማለት ነው፤ ሰነፍን የሚያገባት ሰው ደግሞ አላጣንም።»

እናቷ እንዝርቷን አቆመች። «ወንድሜ፣ ስሙ የሚወጣው ሰውስ? ያቺ የካቻምናዋ ሴት ምን ሆና እንደሄደች ረሳኸው?»

 ሁሉም ያስታውሳል። ካቻምና ስሟ በጢስ የወጣች አንዲት ሸክላ ሠሪ ነበረች። ተጎትታ መጥታ በበሽተኛው ላይ እንድትተፋ ተደረገች። በሽተኛው ዳነ አልዳነ፣ ከዚያ ወዲያ ማሰሮዋን የሚገዛ ጠፋ፤ ከልጆቿ ጋር የሚጫወት ልጅ ጠፋ። ጎረቤቶቿ አንድ ቀን ቤቷን ባዶ አገኙት።

ለነገ ጠዋት ውኃ ማሞቂያ ማሰሮ ያስፈልጋል። እናቷ የታዘዘ ማሰሮ ዲንቄ ቤት ነበራትና «ሂጂ አምጪልኝ» አለቻት፤ ወደ ማን እየላከቻት እንደሆነ ሳታውቅ።

ደብሪቱ በጥዱና በወይራው መካከል ቁልቁል ወረደች። ጫካው እየሳሳ ነው፤ ለከተማው ቤት ሥራ እየተቆረጠ በየመንገዱ ጉቶ ብቻ ቀርቷል። የዲንቄን ፊት አጥብቃ ልታይ አስባለች። የበላ ሰው ከፊቱ ይታወቃል ይባላል።

መጀመሪያ ያየቻት ጂቱ ናት። እስከ ጉልበቷ ጭቃ ውስጥ ገብታ ለእናቷ የሸክላ አፈር ትረግጣለች።

«ማን ሞተ?» አለቻት ጂቱ።

«ማንም አልሞተም።»

«ታዲያ ፊትሽ ምን ሆኖ ነው? ከእሳት የወጣ ገል መስለሻል።»

«አንቺ ደግሞ! ማሰሮ ልወስድ ነው የመጣሁት።»

«ገና ከእሳት ወጥቶ አልበረደም፤ ጥቂት ጠብቂ። እስከዚያ ነይ እርገጪ። ወይስ የተማረ እግር ጭቃ አይነካም?»

ደብሪቱ ልትሳደብ ፈለገች፤ ስድቡም ጠፋባት። ቀሚሷን ሰብስባ ገባች። ጭቃው ቀዝቃዛና ለስላሳ ነው፤ በጣቶቿ መካከል ይሾልካል። ሁለቱ ትከሻ ለትከሻ ተያይዘው ይረግጡ ጀመር። ጂቱ ስለ አንድ ገበያተኛ ነገረቻት፤ ጋን ሲመርጥ ጭንቅላቱን ከትቶ «ሆይ» ብሎ ጮኾ ሳይወጣ ስለቀረ ሰው። ደብሪቱ ሳቀች። ምን ያህል ቀን እንደሆናት እንጃ፣ እንዲህ ከሆዷ ከሳቀች።

ዲንቄ ከቤት ወጣች። ደብሪቱ ሳቋን ውጣ ፊቷን አየችው። ፀሐይ ያከሰለው፣ አገጩ ላይ የሸክላ አፈር የደረቀበት፣ የደከመው ፊት ነው። ሌላ ምንም የለበትም።

«ኮቱ፣ ነይ ልጄ» አለች ዲንቄ። «በባዶ ሆድሽ ነው እንዴ የምትረግጪው? ጂቱ፣ ምን ዓይነት ሰው ነሽ አንቺ!»

የገብስ ቆሎና አሬራ አቀረበችላት። ደብሪቱ እግሯን ታጥባ፣ ከግድግዳው ሥር ፀሐይ ባሞቀው ገለባ ላይ ተቀመጠች። አሬራውን ጠጣች።

«ዓይኔን ብቻ ላሳርፍ፣ እትዬ ዲንቄ» አለች። «አልተኛም።»

«እሺ፣ አትተኚ» አለች ዲንቄ፤ ቁርበት አምጥታም እግሯ ላይ ጣለችላት።

ደብሪቱ ስትነቃ ፀሐይዋ ወደ መናገሻ አዘንብላለች። ምራቋ ጉንጯ ላይ ደርቋል። ማሰሮው ታስሮ ከጎኗ ተቀምጧል። ጂቱ ጀርባዋን ሰጥታት የእንስራ አንገት በጠጠር ታለሰልሳለች።

«ለምን አልቀሰቀስሽኝም?»

«እናቴ ከለከለችኝ። እኔማ ሁለቴ በእግሬ ነክቼሽ ነበር። ጉቶ ነሽ።»

ማሰሮዋን አዝላ ዳገቱን ጀመረችው። ነፋሱ ከእንጦጦ ራስ ላይ የጥድ ሽታ ይዞ ይወርዳል። ብዙም ሳትሄድ አንድ ድምፅ ሰማች፤ የራሷ ድምፅ ነው። ከንፈሯ ሳታዝዘው የማክሰኞን ምስጋና ይላል። አንዱ ቃል ሌላውን እየጎተተ፣ እንደ በግ መንጋ፣ ሳይጋፉ ሳይቀሩ። እስከ መጨረሻው ወጣላት። ደብሪቱ ቆመች። ፈራች፤ እንደገና ብሞክር ይጠፋ ይሆን? ሞከረች። አልጠፋም። ረቡዕን ሞከረች። ሐሙስን። ዓርብ ላይ ሁለት ቦታ ተደናቀፈችና ተነሣች።

አንድ የወይራ ጉቶ ላይ ተቀመጠች። ከጠዋት ወዲህ ምን ተለወጠ? ጸበል አልጠጣችም። ክታብ አላሰረችም። አንድም ቃል አላጠናችም። ጭቃ ረገጠች፣ ሳቀች፣ በላች፣ ተኛች። የተኛችው ደግሞ፣ ጉድ በሉ፣ በላችኝ ብላ በጠረጠረቻት ሴት ደጅ ነው! ዲንቄ ቡዳ ብትሆን ኖሮ ያን ሁሉ ሰዓት አፏን ከፍታ ተኝታላት አጥንቷም ባልተረፈ።

ለካስ ቃሉ የትም አልሄደም። እዚያው ግንባሯ ውስጥ ነበር፤ ማረፊያ ጊዜ ነው ያጣው። ያሳጣችው ደግሞ ሌላ ማንም አይደለም።

ቤት ስትደርስ ለእናቷ ልትነግር አሰበች። ግን ጋሼ አካሉ ጎረቤቱን ሁሉ ጠርቶ ጨርሷል። የቆሎ ተማሪዎቹም ሊያዩ ይመጣሉ። ያ «እንቅልፍ የሰነፍ ስንቅ ነው» ያለችው አፍ፣ በነዚያው ሰዎች ፊት «ስላልተኛሁ ነው» ይበል? ዕድሜ ልኳን ሲስቁባት መኖራቸው ነው። ደግሞስ ነገ መልሶ ቢጠፋባት? ስም ከወጣ ወይዘሮዋ ይታገሧታል፤ ካልወጣ ግን ያለ ምንም ሰበብ መቅረብ አለባት። ቡልጋ፣ በቅሎው፣ ድዱ። አንዲት ቃል ብቻ ነች፤ ዲንቄ። ከጢሱ ውስጥ ብትወጣ ማንም ደብሪቱ ተናገረች አይልም።

ጠፍሩን ከማገሩ ፈታችው። ይህን ብቻ ወሰነች። የቀረውን ሳትወስን እንቅልፍ ይዟት ሄደ።

ጠዋት ቤቱ ሞላ። ጋሼ አካሉ በገል ላይ ፍም አድርጎ ነጭ ሽንኩርት፣ ጤና አዳምና ስሙን የማይናገረውን አንድ ሥር በተነበት። ደብሪቱን ቡልኮ አከናንበው ጢሱ ላይ ደፏት። ዓይኗ ነደደ፣ ጉሮሮዋ ተቧጠጠ፣ ሳለች፣ አነጠሰች። ከቡልኮው ጫፍ ሥር የሰዉን እግር ታያለች። የየኔታን መቋሚያ አየች። የእናቷን እግር አየች፤ ጣቶቿ መሬቱን ጨብጠዋል።

«ማነሽ?» አለ ጋሼ አካሉ። «ተናገሪ! ማነሽ የበላሻት?»

 ስሙ ምላሷ ጫፍ ላይ ነው። ዲ— ይበቃል፣ የቀረውን እነሱ ይጨርሱታል። ያን ጊዜ እግሯ ላይ የተጣለላት ቁርበት ታሰባት።

«ደብሪቱ ነኝ» አለች።

«ደብሪቱንማ እናውቃታለን! የበላሻት አንቺ ማነሽ?»

«ደብሪቱ ነኝ እኮ እላለሁ። የወለተሥላሴ ልጅ።»

ጉርምርምታ ተነሣ። ጋሼ አካሉ ግራ ተጋባ፤ አፉ ግን የለመደውን ጥያቄ ቀጠለ። «የት አገኘሻት?»

«እዚሁ፣ ምሰሶው ሥር። ጠጉሯን ከማገር ጋር አስሬ።»

«በምን በላሻት?»

«እንቅልፍ ነሥቼ። የሚበልጠኝ የለም ስትል ሰምቼ።»

«ምን… ምን ቢሰጥሽ ትለቂያታለሽ?»

«ቁርበትና ቡልኮ።»

በመጀመሪያ የሳቀችው እናቷ ናት። እየሳቀች አለቀሰች። ቀጥሎ ተማሪዎቹ ፈነዱ፤ አንዱማ ምሰሶውን ተደግፎ ነው የተረፈው። ጋሼ አካሉ ፍሙን በእግሩ በተነው። «ቀለደችብኝ! በሽማግሌ ፊት!»

«ቆይ፣ አካሉ» አሉ የኔታ። ጎንበስ ብለው ቡልኮውን ከራሷ ላይ ገለጡት። «እውነትሽን ነው? አትተኚም ነበር?»

«አዎ፣ የኔታ።»

«የማክሰኞን በይ።»

አለችው። እየሳለች፣ ዕንባዋ በጢሱ እየወረደ፣ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው። ሲያልቅ የኔታ በመቋሚያቸው ተደግፈው ቀና አሉ።

«እንዲያው ምን አጠፋሁ ብዬ ስጸልይልሽ አደርኩ» አሉ። «ለካስ የሚያስፈልገው ሂጂ ተኚ ማለት ኖሯል። በይ ሂጂ ተኚ።»

ተማሪዎቹ ከዚያ ቀን ጀምሮ ሲያዩዋት ዓይናቸውን ጨፍነው አንገታቸውን ያዘነብሉላታል። ደብሪቱ ሁለት ቀን ተናደደች፣ በሦስተኛው ራሷም ጀመረችው።

ሌሊት እየተኛች ቅዳሜንና እሑድን በቀን ያዘችና፣ ለኪዳነ ምሕረት በዓል ወይዘሮ የማርያምወርቅ ፊት ቆመች። ስድስቱን ቀን ጥርት አድርጋ አወረደችው፤ ቅዳሜ ላይ አንድ ቦታ ዘለለች፣ ራሷን ያዘችና ተመልሳ አነሣችው። ወይዘሮዋ ሞራ በጋረደው ዓይናቸው ወደ ድምፅዋ ዞረው አዳመጧት።

«ደግ ነው» አሉ። «ድምፅሽ ያረጋጋል። እኔ ሌሊት ሌሊት እንቅልፍ የለኝም። ስነቃ ተነሥተሽ ትደግሚልኛለሽ?»

የኔታ ከኋላዋ ሳል አሉ፤ «እሺ በይ» ማለታቸው ነው። እናቷ ነጠላዋን ጨበጠች። 

«እስክትተኙ እደግምልዎታለሁ፣ እሜቴ» አለች። «ከዚያ ወዲያ ግን እኔም እተኛለሁ። ካልተኛሁ ማክሰኞን ከረቡዕ ጋር አደባልቅብዎታለሁ።»

 ከዚያ ወይዘሮዋ ሳቁ፤ ሲስቁ እንደ ልጅ ትከሻቸው ይነቀነቃል። «ይቺን ከፋሲካ በፊት አምጧት» አሉ።

ደብሪቱ ወደዚያ ቤት ከመግባቷ በፊት እናቷ የጋገረችላትን ድፎ ዳቦ ይዛ ቁልቁል ወደ ዲንቄ ቤት ወረደች። ዲንቄ ገበያ ሄዳለች። ጂቱ ብቻዋን ከጥላው ሥር ጠጠሯን ይዛ ማሰሮ ታለሰልሳለች። ደብሪቱ ዳቦውን አስቀምጣ አጠገቧ ተቀመጠች። በመንገድ ላይ ያዘጋጀችው ንግግር ነበር፤ አሁን ሁሉም በጣም የረዘመ መሰላት።

«ጂቱ፣ በዚያን ቀን ጠዋት እኔ…»

«ሰምቻለሁ» አለች ጂቱ፤ ከማሰሮው ቀና አላለችም። «የሸክላ ሠሪ ልጅ ነኝ፤ ማንን ሊያስጠሩሽ እንደነበር አውቃለሁ።»

ጠጠሩ ማሰሮው ላይ ሽው ሽው ይላል።

«እናትሽስ?»

«እሷ አልሰማችም። አትንገሪያት።»

«አልነግራትም።»

ደብሪቱ ሌላ ጠጠር አነሣችና የማሰሮውን ሌላ ወገን ታለሰልስ ጀመር። ጂቱ እጇን አልከለከለቻትም። እንዲህ ዝም ብለው ቆዩ። ደብሪቱ እግዚአብሔርን አመሰገነች፤ ለገለባው፣ ለአሬራው፣ ለቁርበቱ፣ አጠገቧ ለተቀመጠችው ልጅ፤ ያለ ግዕዝ፣ በሆዷ። ግን ዝምታ ለእሷ ምን ጊዜም ቢሆን ሩቅ አገር ነው።

«አንድ ነገር ልጠይቅሽ» አለች። «ያን ዕለት እዚህ ተኝቼ ሳለሁ፣ ቃሉ ሁሉ ወደ ራሴ ሲመለስ፣ አንዳች ነገር ሳይታይብኝ አይቀርም። ከንፈሬ ምስጋናውን ይል ነበር፣ አይደል? ፊቴስ በርቶ ነበር? እንደ ቅዱሳኑ?»

ጂቱ ጠጠሯን አቆመችና ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብላ አየቻት።

«አንኮራፋሽ» አለች። «ዶሮዎቹ ገለባውን ለቀውልሽ ሄዱ።»